ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፦ የሥልጣን ስያሜና የሥልጣን ልክ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ዕለት በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንት፣ ሹማምንትና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን በዙፋን ለማስቀመጥ ወሰኑ። ከዚህ ውሳኔ ጋር ተያይዞ የመጣ ሌላም ጉዳይ ነበር። ይኸውም በባል ወይም በልጅ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም የሚነግሡት ሴት በምን ማዕረግ ይጠሩ የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ለዘመናት ሲሠራበት የቆየው የበላይ ማዕረግ ንጉሠ ነገሥት የሚለው ሲሆን፣ እቴጌ የሚለው ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ወይም ለእናቱ የሚሰጥ የክብር ስም ነበር። የመጀመሪያው ለወንድ የተቀረጸ ነው፤ ሁለተኛው ከነገሠ ወንድ ጋር ባለ ዝምድና የሚገኝ ነው። ሁለቱም ለአዲሱ ሁኔታ የሚስማሙ አልነበሩም። በመሆኑም ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረግ ሥራ ላይ ዋለ።

የንግሥት ዘውዲቱ የሕይወት ታሪክ የዚህ ስያሜ ታሪክም ነው። የተሰጣቸው ስያሜ ሙሉ ነበር፤ ከስያሜው ጋር የተሰጣቸው ሥልጣን ግን በሌላ ሚዛን የተሰፈረ ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የንግሥቲቱን 13 ዓመት ከመንፈቅ የንግሥና ዘመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተከትሎታል።

ትውልድና ጋብቻ

ዘውዲቱ ምኒልክ የተወለዱት በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከወሎ ባላባት ወገን የተወለዱ ወይዘሮ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ይባላል።

በዘመኑ የነገሥታትና የመሳፍንት ሴት ልጆች ጋብቻ የፖለቲካ ስምምነት ማጽኛ ሆኖ ያገለግል ነበር። ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል የተፈጠረው ስምምነት በዝምድና እንዲጠናከር በመፈለጉ፣ ዘውዲቱ በ1875 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ሙሽራዋ በዚያን ጊዜ ገና 7 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. በሕመም በመሞታቸው ዘውዲቱ በ12 ዓመታቸው ባል የሞተባቸው ሆነው ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የተፈጸሙት ጋብቻዎችም ከፖለቲካ የራቁ አልነበሩም። የመጨረሻው ጋብቻቸው የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ከሆኑት ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር የተፈጸመው ሲሆን፣ በዚህም የምኒልክና የእቴጌይቱ ቤተሰቦች የበለጠ ተቆራኙ። ዘውዲቱ የወለዷቸው ልጆች በለጋነታቸው ሞተዋል። የራሳቸው ወራሽ አለመኖሩ በኋላ በንግሥና ዘመናቸው ከፍተኛ የፖለቲካ ትርጉም የነበረው ጉዳይ ሆኗል።

በልጅ ፋንታ የልጅ ልጅ

ዳግማዊ ምኒልክ በጠና መታመማቸው የወራሽን ጉዳይ አጣዳፊ አደረገው። በግንቦት ወር 1901 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ የተመረጡት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ ናቸው። ልጅ ኢያሱ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤልና የዘውዲቱ እህት የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ገደማ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሴት ልጅ ዘውዲቱ የ33 ዓመት ሴት ሆነው ሳሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰው የልጅ ልጅ መመረጡ፣ ከዙፋኑ ጋር የነበረው የሐረግ ቅርበት ብቻውን በቂ እንዳልነበረ ያሳያል። ወራሹ ወንድ መሆኑ ለምርጫው ክብደት ሰጥቶታል።

በዚሁ የሕመም ዘመን የእቴጌ ጣይቱ ሁኔታም ትምህርት የሚገኝበት ነው። እቴጌይቱ በአስተዳደርም ሆነ በጦር ሜዳ ችሎታቸውን ያስመሰከሩ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙ ጊዜም ሹም ሽረት እስከማካሄድ የደረሰ ሥልጣን በእጃቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሥልጣናቸው የተመሠረተው እቴጌ በሚለው ማዕረግ ላይ ነበር። ማዕረጉ ደግሞ ከባለቤታቸው ዙፋን የሚመነጭ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር ሲሳናቸው እቴጌይቱን የሚደግፍ የራሳቸው የሥልጣን መሠረት አልተገኘም። በመሆኑም በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ አደረጓቸው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ አረፉ። ልጅ ኢያሱ አገሪቱን ሲመሩ ቢቆዩም ዘውድ አልጫኑም። በልጅ ኢያሱ ዘመን ዘውዲቱ ከመናገሻ ከተማዋ ርቀው በፋሌ በጸሎትና በጸጥታ ይኖሩ ነበር። ለሥልጣን ይታጫሉ ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም።

የመስከረም 17 ውሳኔ

በልጅ ኢያሱ ላይ በሃይማኖትና በውጭ ግንኙነት ረገድ የቀረበው ክስ እየበረታ መጥቶ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን እንዲወርዱ ምክንያት ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት ቃለ መሐላ ፈቷቸው። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ከአዲሱ አሰላለፍ ዋና ዋና ተዋናዮች አንዱ ነበሩ።

በዚያ ዕለት የተላለፈው ውሳኔ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት እንዲባሉ የሚል ነው። ሁለተኛው የራስ መኰንን ልጅ የሆኑት የ24 ዓመቱ ተፈሪ በራስነት ማዕረግ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ እንዲሆኑ የሚል ነበር። ዘውዲቱ የምኒልክ ልጅ በመሆናቸው ለአዲሱ መንግሥት ሕጋዊነትን የሚያጎናጽፉ ሆነው ተገኙ። ለቤተ ክርስቲያን ያላቸው ታማኝነትም በካህናትና በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነታቸውን አጠናክሮታል። የአስተዳደሩ ሥራ ግን በእንደራሴው እጅ እንዲሆን በመጀመሪያው ቀን ተወስኖ ነበር።

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ውሳኔውን ባለመቀበል ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በተካሄደው ታላቅ ጦርነት ድል ተነሥተው ተማረኩ። ይህ ድል የአዲሱን መንግሥት ህልውና ካረጋገጠ በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ንግሥ ተፈጽሞ ዘውዲቱ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር።

የስያሜው ትርጉም

ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረግ በግእዝ ሥርዓት የተቀናጁ ሁለት ቃላት ያሉት ነው። የመጀመሪያው ቃል ንጉሥ ከሚለው ወደ ንግሥት ተለውጦ የባለ ማዕረጓን ሴትነት ያመለክታል። ሁለተኛው ቃል ግን ንግሥታት አልተባለም፤ ነገሥታት ተብሎ በነገሥታት ላይ ያለውን የበላይነት እንዲያመለክት ተደርጓል። ስለዚህ ማዕረጉ የሚሰጠው ትርጉም የንግሥቶች የበላይ ማለት ሳይሆን የነገሥታት የበላይ ገዥ ማለት ነው። በቃል ደረጃ ከንጉሠ ነገሥትነት ያነሰ አንዳችም ነገር የለበትም።

ከዚህ ቀደም ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸው ኢትዮጵያውያት ይህን የመሰለ ስያሜ አላገኙም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ በመንግሥት ሥራ ላይ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው ንግሥት እሌኒ፣ እንዲሁም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩት እቴጌ ምንትዋብ ኃይላቸው ታላቅ ቢሆንም ሥልጣናቸው በልጅ ወይም በወጣት ንጉሥ ስም የሚሠራ ነበር። ዘውዲቱ ግን የማንም ሚስት ወይም የማንም እናት በመሆን ሳይሆን በራሳቸው ስም ነገሡ።

የስያሜው መሟላት ግን አንድ ክፍተትም አጋልጧል። የንጉሠ ነገሥት ባለቤት እቴጌ ትባላለች። የንግሥተ ነገሥታት ባለቤት የሆነ ወንድ ምን እንደሚባል ግን በአገሪቱ የማዕረግ ሥርዓት ውስጥ ስም አልነበረውም። ጉዳዩ የቃላት ብቻ ሆኖ አልቀረም። መኳንንቱ የንግሥቲቱ ባለቤት በእሳቸው በኩል መንግሥቱን ሊይዝ ይችላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ ወገን መሆናቸው ደግሞ ሥጋቱን አባባሰው። በዚህም ምክንያት ራስ ጉግሣ ከንግሥቲቱ ተለይተው የበጌምድር ገዥ ሆነው እንዲሄዱ ተደረገ። ከእሳቸው በፊት የነገሡት ወንዶች ዘውድ ለመጫን ከትዳራቸው እንዲለዩ አልተጠየቁም፤ እንዲያውም ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ባለቤታቸው ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ዘውዲቱ ግን የዘውዱን ዋጋ በትዳራቸው ከፍለዋል።

ዘውድና እንደራሴ

በአዲሱ አሠራር ሥልጣኑ በዋናነት በሦስት ሰዎች መካከል ተከፋፍሎ ነበር። ዘውዱና የመጨረሻው ማኅተም የንግሥቲቱ ነው። የውጭ ጉዳይና የዕለት ተዕለት አስተዳደር በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ እጅ ነው። ሠራዊቱ ደግሞ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሥር ይገኛል።

የእነዚህ ማዕረጎች ቃላት ከጾታ አንጻር ሲታዩ የሚያስተምሩት ነገር አለ። እንደራሴ የሚለው ቃል ወንድ ወይም ሴት አይልም፤ ሿሚው እንደ ራሱ የሚያምነውን፣ በእሱ ፈንታ የሚሠራውን ሰው ብቻ ያመለክታል። አልጋ ወራሽ የሚለውም እንዲሁ አልጋውን የሚወርስ ሰው ማለት ነው። ራስ የሚለው ማዕረግ ደግሞ የአካል ክፍልን ስም ይዞ የበላይነትን የሚገልጽ ነው። ቃላቱ ለሁሉም ክፍት ነበሩ፤ ሹመቱ ግን ለወንዶች ብቻ ነበር። በአንጻሩ ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረግ የባለቤቱን ሴትነት በግልጽ የሚናገር ሲሆን፣ የተሰጠውም ለሴት ነበር። በመሆኑም በ1909 ዓ.ም. በተዘረጋው ሥርዓት ጾታን የሚናገረው ስያሜ ክብሩን፣ ጾታን የማይናገረው ስያሜ ደግሞ የሥራ ሥልጣኑን ይዞ ተገኘ።

ይህ ማለት ግን ንግሥት ዘውዲቱ በስም ብቻ የነገሡ ነበሩ ማለት አይደለም። ያለ እሳቸው ፈቃድና ማኅተም ታላላቅ ውሳኔዎች አይጸኑም ነበር። በንግሥናቸው መባቻ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ንጉሥ ተብለው የተሾሙት በእሳቸው ዙፋን ሥር ነው፤ የነገሥታት የበላይ የሚለው ማዕረጋቸውም በዚህ ሹመት በተግባር ታይቷል። ለውጡ ፈጠነ የሚሉ መኳንንትና ካህናት የሚሰባሰቡትም በንግሥቲቱ ዙሪያ ነበር። የምኒልክን ዘመን ልማድ ለመጠበቅ የሚሹ ወገኖችና ለአዲስ አሠራር የሚደክሙት የአልጋ ወራሹ ወገኖች በየራሳቸው የኃይል ማዕከል መሰለፋቸው የዘመኑ ፖለቲካ ዋና ገጽታ ሆነ። በ1910 ዓ.ም. የመሃል ሰፋሪ ሠራዊት ባነሣው ጥያቄ ምክንያት ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነበሩት ሚኒስትሮች ከሥራ እንዲሰናበቱ መደረጉ፣ ሥልጣኑ በዘውዱና በእንደራሴው መካከል ብቻ የሚወሰን እንዳልነበረ ያመለክታል።

በንግሥቲቱ ዘመን የተከናወኑ ሥራዎች

የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአገሪቱ የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ከአባልነቱ ጋር ተያይዞ የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማስቀረት አዋጆች ወጡ። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ ታላላቅ መኳንንትን አስከትለው የአውሮፓን አገሮች ጎበኙ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራውን የጀመረውና ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ለእነዚህ ሥራዎች ዋናው ጥረት የአልጋ ወራሹ እንደነበር የታወቀ ነው። ሆኖም ውሳኔዎቹ የወጡት በንግሥቲቱ መንግሥት ስም ነበር። በዘመኑ ከወጡት የፖስታ ቴምብሮች መካከል የንግሥቲቱን ምስል የያዙ መኖራቸውም አገሪቱ በዓለም ፊት የምትታወቀው በእሳቸው ስምና መልክ እንደነበር ያስታውሳል።

ንግሥቲቱ በግላቸው የበለጠ የተጉበት መስክ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው። ለአባታቸው መካነ መቃብር የሆነውን የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያንን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አጠገብ አሠርተዋል። ለዘመናት ከግብፅ በሚላክ ጳጳስ ትመራ የነበረችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳትን ያገኘችውም በእሳቸው ዘመን፣ በ1921 ዓ.ም. ነው። ይህ እርምጃ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷን ለመቻል ላደረገችው ረጅም ጉዞ መነሻ ሆኗል።

ንጉሥ በንግሥተ ነገሥታት ፊት

በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀናት ልዩነት አረፉ። የሥልጣን ሚዛኑን ጠብቀው ያቆዩት ሁለቱ ምሰሶዎች በአንድ ወር ውስጥ ወደቁ። የሠራዊቱ አመራርም ወደ አልጋ ወራሹ በመዞሩ የንግሥቲቱ ወገን እየተዳከመ ሄደ።

በ1920 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የአልጋ ወራሹን ኃይል ለመግታት በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሙከራ ቢደረግም ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ በኋላ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሹመቱ ከቀድሞው አሠራር የተለየ ነበር። ከእሳቸው በፊት ንጉሥ የተባሉት ሰዎች የጎጃም፣ የሸዋ ወይም የወሎ እየተባሉ በየግዛታቸው ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ ንጉሥ ተፈሪ ግን በዚያው በመናገሻ ከተማዋ ተቀምጠው የመላ አገሪቱን አስተዳደር የሚመሩ ነበሩ። በአንድ ከተማ ሁለት ዘውዶች ቆሙ። በስያሜ ደረጃ ንግሥተ ነገሥታት ከንጉሥ በላይ መሆኑ አልተለወጠም፤ በተግባር ግን የአገሪቱ አስተዳደር በሙሉ በንጉሡ እጅ ገብቶ ነበር።

የንግሥቲቱ የቀድሞ ባለቤት ራስ ጉግሣ ወሌ በበጌምድር ሆነው ይህን ለውጥ አልተቀበሉም። ነገሩ ወደ ጦርነት አምርቶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም በተባለ ስፍራ በጦር ሚኒስትሩ በራስ ሙሉጌታ ይገዙ ከተመራው ጦር ጋር ውጊያ ተደረገ። በውጊያው አውሮፕላን ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን፣ ራስ ጉግሣ በጦር ሜዳው ወደቁ። ጦሩ የዘመተባቸው በቀድሞ ባለቤታቸው መንግሥት ስም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ በፊት የስኳር ሕመም የነበረባቸው ሲሆን፣ ያረፉትም በዐቢይ ጾም ወራት ነው። ስለ አሟሟታቸው በየጊዜው ልዩ ልዩ ወሬዎች ቢነገሩም ከሞታቸው በፊት በጠና ታምመው እንደነበር ይታወቃል። አስከሬናቸው ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያረፈ ሲሆን፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ይገኛሉ።

ከንግሥቲቱ በኋላ

ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ባለቤታቸው መነን በዚያው ዕለት እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሁለቱ የቀድሞ ስያሜዎች ወደየቦታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዙፋኑን በንጉሠ ነገሥቱ ዘር ወሰነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ከዚህ አልፎ የዘውድ ወራሽነትን ለወንዶች ብቻ የሚፈቅድ ድንጋጌ አሰፈረ። ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ስያሜ አልተሻረም፤ ሌላ ሴት እንዳትጠራበት ግን በሕግ ተዘጋ።

ጾታን በማይናገሩት ስያሜዎች በኩል ደግሞ ሌላ ጉዞ ተጀመረ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. ከንግሥተ ነገሥታት ጎን ለወንድ ብቻ ተሰጥቶ የነበረው እንደራሴ የሚለው ስያሜ ከ40 ዓመታት በኋላ በሕዝብ ድምፅ ለሴት ሲሰጥ፣ ከቃሉ አንዲት ፊደል መለወጥ አላስፈለገም።

የአማርኛ የመንግሥት ሥራ ስያሜዎች አብዛኞቹ ዛሬም በዚህ ዓይነት የተገነቡ ናቸው። ርዕሰ ብሔር፣ ርዕሰ መስተዳድር፣ አፈ ጉባኤ፣ ከንቲባ፣ ሰብሳቢ የሚሉት ስሞች ለወንድም ለሴትም ያገለግላሉ። ፕሬዚዳንትና ሚኒስትር የሚሉት ከውጭ የመጡ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ቋንቋው ጾታን የሚለየው በተከታዩ ፊደልና በግሥ ነው፤ ሚኒስትሩና ሚኒስትሯ፣ መጣና መጣች እንደሚባለው ማለት ነው። በአክብሮት አነጋገር ደግሞ ይህም ልዩነት ከግሡ ይጠፋል። ምኒልክ ነገሡ፣ ዘውዲቱም ነገሡ ይባላል፤ ግሡ አንድ ነው።

የሕግ አጻጻፍ ግን ለረጅም ዘመን ባለ ሥልጣንን በወንድ ጾታ ሲገልጽ ቆይቷል። በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተገለጹት ድንጋጌዎች ሴትንም እንደሚያካትቱ በመደንገግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በአንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን እኩልነት በዝርዝር አስቀምጧል። ከዚያ ወዲህ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሳህለ ወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ በዚያው ወር መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል። ሳህለ ወርቅ እስከ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በርዕሰ ብሔርነት ያገለገሉ ሲሆን፣ ከንግሥት ዘውዲቱ በኋላ የአገሪቱን የመጨረሻ የክብር ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ለዚህ ሹመት አዲስ ስያሜ መቅረጽ አላስፈለገም።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ለመንግሥት ሥራ ቅርብ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ያጡት ስያሜ አልነበረም፤ በነገሥታት ላይ የበላይነትን የሚያረጋግጥ ሙሉ ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። ያልተሰጣቸው ከማዕረጉ ጋር ሊሄድ የሚገባው የሥራ ሥልጣን ነው። ከእሳቸው በፊት ራስና እንደራሴ የተባሉት ስያሜዎች ደግሞ በቃላቸው ሴትን ሳያገልሉ በሹመት ግን ያገሉ ነበር። ስያሜ ለሁለቱም ጾታ የሚያገለግል መሆኑ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንደማይሆን ሁለቱም ይመሰክራሉ። የሹመት ደብዳቤ ሲጻፍም ሆነ የሥራ መዘርዝር ሲዘጋጅ፣ ከመጠሪያው ቀጥሎ የሚሰፍሩት ተግባርና ኃላፊነት፣ በጀትና የመወሰን ሥልጣን ለወንዱም ለሴቷም አንድ ሆነው ሲገኙ ብቻ ስያሜው ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

በአዲስ አበባ የንግሥቲቱ ስም በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ዘወትር ይጠራል። አስከሬናቸው በበዓታ ለማርያም ከአባታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አርፏል። ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረጋቸው ግን ወራሽ ሳያገኝ ከእሳቸው ጋር አብቅቷል።